ከመካከል የሚታደለው ካርታ

በመኝታ ቤታችን ካርታ ሲበወዝ ዳር ቆሞ «እጁ ከዓይን ይፈጥናል» የሚል ሰው አይጠፋም። አባባሉ ስሕተት ነው። እጅ ከዓይን አይፈጥንም፤ እንዲያውም በድንገት የፈጠነ እጅ ራሱን ያጋልጣል። እውነተኛው ችግር የማታለያው አሰጣጥ ከተራው አሰጣጥ በፍጥነትም ሆነ በድምፅ፣ በእጅ አያያዝም ጭምር አንዳች እንዳይለይ ማድረግ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት አንድ ማታ የወር የኪስ ገንዘቤን ተበልቼ፣ አዳዩንም በልቤ ጠርጥሬ፣ ነገሩን ለማወቅ አንድ ዓመት ሙሉ ከታገልሁ በኋላ ነው።

አዳዩ የላይኛውን ካርታ ዐውቆ ለራሱ ሊያቆየው ይፈልጋል እንበል። እንግዲህ ለሌላው ሲሰጥ ላይኛውን ትቶ ከሥሩ ያለውን፣ ሁለተኛውን፣ ማውጣት አለበት። መንገዱ ሁለት ነው። በአንደኛው የግራ አውራ ጣት ላይኛውን ካርታ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ የሁለተኛው ጠርዝ እንደ ክር ቀጥኖ ብቅ ሲል ቀኝ እጅ ያንኑ ጠርዝ ነክቶ ይወስደዋል። በሌላው ደግሞ አውራ ጣት ሁለቱን እንደ አንድ አስተካክሎ ይገፋቸዋል፤ ቀኝ እጅ የታችኛውን ይዞ ሲሄድ ላይኛው ወደ ስፍራው ይመለሳል። ይህ ሲነገር ቀላል ነው። አንድም ሳይሆን፣ ሦስትም ሳይሆን፣ በየጊዜው ሁለት ካርታ ብቻ መግፋት ግን አውራ ጣትን እንደ ገና ማስተማር ይጠይቃል።

ጆሮም ምስክር ነው። ሁለተኛው ካርታ በሁለት ካርታዎች መካከል እየተፋተገ ስለሚወጣ ድምፁ ሻከር ይላል። ጀርባው ነጭ ጠርዝ ያለው ካርታ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ሳይወጣ መቅረቱን ዓይን ሊያየው ይችላል፤ ሥዕሉ እስከ ጫፍ የደረሰ ከሆነ ግን ይሸፈናል። አጭበርባሪ የትኛውን እንደሚመርጥ አንባቢ አያጣውም።

ሁለተኛውን ማደልም፣ ከታች ማደልም እ.ኤ.አ. በ1902 በቺካጎ በታተመ አንድ መጽሐፍ ተዘርዝረዋል። የደራሲው ስም ኤስ. ደብልዩ. ኤርድኔዝ ተብሏል፤ ሰውየው በእርግጥ ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚህ ሙያ ስምን መደበቅም አንድ ችሎታ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን የካርታ ሕግ ለከታች አዳዩ አንድ መሰናክል አኑሮለታል፤ ይኸውም መቁረጥ ነው። በዋዡ የሚፈልጋቸውን ካርታዎች ከሥር ቢሰበስብ ባልንጀራው ሲቆርጥ ወደ መካከል ይገቡበታል። ታዲያ ከመካከል ማደል የሚችል ቢገኝስ? የምትሐት ባለሙያዎች ይህን ለብዙ ጊዜ እንደ ተረት ያዩት ነበር። በ1894 በኦታዋ የተወለደው ዳይ ቬርነን የሰዎችን የጥላ ምስል በመቀስ እየቀረጸ ይኖር በነበረበት ወቅት፣ በ1932 በካንሳስ ክፍለ ሀገር በዊቺታ እስር ቤት ያገኘው አንድ እስረኛ እንዲህ ያለ አዳይ በዓይኑ ማየቱን ነገረው። ቬርነን ፍለጋ ወጣ። በሚዙሪ፣ ፕሌዛንት ሂል በምትባል ትንሽ ከተማ አለን ኬኔዲ የሚባለውን ቁማርተኛ አገኘው። ኬኔዲ ለዓመታት የተለማመደው ይህንኑ ነበር፤ የተቆረጠበትን ስፍራ ሳያጠፋ፣ የግራ እጁ ሲነቃነቅ ሳይታይ፣ ከዚያው ከመካከል ካርታ ያወጣል። ቬርነን ከዚያ በኋላ 60 ዓመት ኖሮ በ1992 ሲሞት የሙያው ሁሉ መምህር ተብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ወደ አንድ የገጠር ቁማርተኛ የሄደው እንደ ተማሪ ነው።

እኔ እዚያ አልደረስሁም። በመስተዋት ፊት ሁለተኛውን ካርታ ስሰጥ ለወራት እንከን አላየሁበትም። ኋላ አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ቢቀርጸኝ እንከኑ ሁሉ ወለል ብሎ ታየ፤ ለካ ልክ በማታለያዋ ቅጽበት ዓይኔን እጨፍን ኖሯል! ብዙ ጀማሪ እንዲሁ ያደርጋል አሉ።

ዛሬ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ያህል ይሳካልኛል፤ ለምትሐት ትርኢት ይበቃ ይሆናል፤ ለአጭበርባሪ ግን የቀሩት ሦስቱ ጥርሱን የሚያስወልቁት ናቸው። ያን ማታ የበላኝን ልጅ አዳደልም አሁን ሳስታውሰው ካርታውን የሚይዘው በጣቶቹ ጫፍ፣ ልል አድርጎ ነበር። በዚያ አያያዝ ሁለተኛውን ማውጣት አይቻልም። ዕድል ቀንቶት ነው የበላኝ። ይህን ልነግረው ብሄድ «አንተስ ዓመቱን ሙሉ ምን ስትማር ከረምህ?» አለኝ።

የተማርሁትን ለጓደኞቼ ካሳየሁበት ቀን ወዲህ የማደል ተራዬ ሲደርስ ካርታው በእኔ አልፎ ለሚቀጥለው ይሰጣል።