የነርሶች ወገብና የበሽተኛ ክብደት

ከአቸፈር ገጠር በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ ዱርቤቴ ሆስፒታል ሲደርስ መነሳቱ ገና ይጀመራል። ወደ ምርመራ አልጋ፣ ከዚያ ወደ ዋርድ፣ ባሕር ዳር ሪፈር ከተባለ ደግሞ ወደ አምቡላንስ። የሚያነሳው አስታማሚውና ተረኛው ነርስ ነው። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም።

የነርሶች የወገብ፣ የአንገትና የትከሻ ሕመም አዲስ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ወገባቸውን ያመማቸው ነርሶች ወደ ግማሽ የሚጠጉ ወይም ከዚያም የሚበልጡ መሆናቸውን ደጋግመው አሳይተዋል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አደጋ አይመጣም። ዝቅ ባለ አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ የደም ሥር መፈለግ፣ ቁስል ማጠብ፣ መነሳት ከማይችል በሽተኛ ሥር አንሶላ መቀየር፣ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፤ ይህ ሁሉ ይጠራቀማል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች በሽተኛን በእጅ ለማንሳት ያስቀመጡት ጣሪያ፣ ሁኔታው ሁሉ ቢመቻች እንኳ፣ 16 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። 56 ኪሎ የሚመዝን ገበሬ ለሁለት ሲነሳ ለእያንዳንዱ 28 ኪሎ ይደርሳል። ሌሊት ደግሞ ሁለተኛው ሰው ላይገኝ ይችላል።

«ከጉልበታችሁ ሸብረክ ብላችሁ፣ ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ» የሚለው የሥልጠና ምክር ብቻውን ሕመሙን እንደማይቀንስ በተለያዩ አገሮች ተፈትሾ ታይቷል። መቀነስ ያለበት ሸክሙ ራሱ ነው። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የነርሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 በሽተኛን በእጅ ማንሳት እንዲቀር ተነሳ፤ ሆስፒታሎችም ማንሻ መሣሪያና ማንሸራተቻ ጨርቅ አስገቡ።

ማንሻ ማሽን ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሩቅ ነው እንበል። ከአልጋው ግርጌ ያለውን ማዞሪያ ማስጠገን ግን ሩቅ አይደለም። ማዞሪያው ሲሠራ በሽተኛውን ቀና የሚያደርገው አልጋው ነው፤ ሲሰበር የነርሷ ክንድ። አንሶላ ለሁለት አጥፎ ከትከሻው እስከ ዳሌው ከሥሩ ማንጠፍና ግራና ቀኝ ሆኖ መሳብም ብብቱን ይዞ ከመጎተት እጅግ ይሻላል። ይህን ለአስታማሚው በገባበት ቀን ማሳየት ያስፈልጋል፤ እሱም ይጎዳል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሕጉ ጎን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። እዚያም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት መብት አለ። ነገር ግን በዚህ ቀን ጀመረ የማይባል፣ በዓመታት የተጠራቀመ የወገብ ሕመም በሥራ የመጣ መሆኑን ያለ መዝገብ ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች የመርፌ መወጋትን እንደሚመዘግቡ ሁሉ የወገብ ጉዳትንም ይመዝግቡ። ነርሶችም ሕመማችሁን በዕለቱ በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ቅጂውንም ያዙ።