ሳይቃጠል በቅጠል፤ የአውቶሞቢል ፊውዝና የቡሌ ዳገት

«ትንሽ ምላጭ አገር ትላጭ» ይባላል። በአንድ ትልቅ አውቶሞቢል ውስጥም ከጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ዕቃ አለች፤ ስሟም ፊውዝ ነው። ዋጋዋ ከመለዋወጫ ዕቃዎች ሁሉ ከሚያንሱት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ እርሷ የተቃጠለች እንደ ሆነ የከባዱ መኪና መብራት ይጠፋል፤ ክላክሱ ድምፁን ያጣል፤ የዝናብ መጥረጊያውም ይቆማል። ሥራዋን ያልተረዳ ሰው በእርሷ ፈንታ ሽቦ የጠመጠመ እንደ ሆነ ደግሞ መኪናው እንዳለ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ስለዚህች ትንሽ ዕቃ ጥቂት ነገር ለማስረዳት አስበናል።

የጌዴኦን አገር ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ መንገደኛ ቡናውን ከበታቹ እየተወ፣ በእንሰቱ መካከል እያቋረጠ፣ ገብስና ቀርከሃ ወደሚበቅልበት ብርዳም ደጋ ይደርሳል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ዳገቱና ደኑ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ጉሙና ዝናቡ ለሾፌር ብርቱ ፈተና ነው። የጤና፣ የግብርናና የትምህርት ሠራተኞች ወደ እንዲህ ያለው ደጋ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ የሚሳፈሩት ላንድክሩዘርን በመሳሰሉት፣ በአራቱም ጎማ በሚጎትቱ መኪናዎች ነው።

እንግዲህ ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ከቡሌ ወደ ዲላ ስትወሰድ፣ በጉሙ መካከል ሁለቱም የፊት መብራቶች ባንድ ጊዜ ጠፉ እንበል። በዚያ ሰዓት ጋራዥ ፍለጋ የሚያስኬድ ጊዜ የለም። የጎደለው ምናልባት አንዲት ፊውዝና ያችን ፊውዝ የት እንደምትገኝ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

ፊውዝ ምንድን ነው?

ፊውዝ ማለት ከሽቦዎች ሁሉ አስቀድሞ እንዲቀልጥ ተብሎ በማወቅ ደካማ ሆኖ የተሠራ ብረት ነው። በቀድሞ ቤቶች በቆጣሪው አጠገብ የምናየው ባልቦላ ሥራው ይኸው ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1890 እ.ኤ.አ. የፊውዝ ፓተንት ከማግኘቱ በፊትም፣ የቴሌግራፍ መሥመሮችን ከአደጋ ለመከላከል በቀላሉ የሚቀልጥ ሽቦ ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ በብዙ መኪናዎች ውስጥ የምናየው፣ ሁለት ጠፍጣፋ እግሮች ያሉት ባለ ፕላስቲክ ፊውዝ ግን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው።

የሒሳቡን ነገር ተማሪዎች ያውቁታል። የብዙዎቹ መኪናዎች ባትሪ 12 ቮልት ነው። አንድ የፊት መብራት አምፖል 60 ዋት ቢሆን፣ 60 ለ12 ሲካፈል 5 አምፔር ይደርሳል፤ ሁለቱ መብራቶች አንድ ላይ 10 አምፔር ይወስዳሉ ማለት ነው። የሽቦው ውፍረትም የፊውዙ ቁጥርም የሚወሰነው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ነገር ግን መብራቱ እንዲደምቅ ተብሎ ባለ 100 ዋት አምፖል ቢገባ፣ ሁለቱ ከ16 አምፔር በላይ ይጠይቃሉ። የ15 አምፔር ፊውዝ በዚህ ጊዜ ቢቃጠል ጥፋቱ የፊውዙ ሳይሆን አምፖሉን የለወጠው ሰው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የ10 አምፔር ፊውዝ አውጥቶ የ30 አምፔር የሚያስገባ ሰው፣ ሽቦው ከታሰበለት ዘጠኝ ጊዜ የሚበልጥ ሙቀት እንዲሸከም ፈርዶበታል። ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ብርማ ወረቀት ወይም ተራ ሽቦ የሚያስገባ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ እንደሚተኛ ሰው ይቆጠራል። መብራቱ በርቶለት ጥቂት መንገድ ይሄድ ይሆናል። እሳቱ ግን ከዳሽቦርዱ በስተኋላ፣ ማንም በማያየው ቦታ የሽቦውን ልባስ እያቀለጠ ይጠብቀዋል።

የት ይገኛል? እንዴትስ ይለወጣል?

በብዙዎቹ መኪናዎች የፊውዝ ሣጥኑ ሁለት ነው። አንደኛው ከኮፈኑ ሥር በባትሪው አቅራቢያ ይገኛል፤ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለው። ሁለተኛው በሾፌሩ በኩል ከመሪው በታች፣ በጉልበት ትይዩ ወይም በጎን በኩል በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ትክክለኛው ቦታ እንደ መኪናው ሞዴል ስለሚለያይ፣ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አስቀድሞ መመልከት ይገባል። በክዳኑ ላይ ወይም በውስጡ የየፊውዙ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ «ሄድ» የፊት መብራት፣ «ቴይል» የኋላ መብራት፣ «ስቶፕ» የፍሬን መብራት፣ «ሆርን» ክላክስ ነው።

አስቀድሞ ግን ምልክቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ መብራት ብቻ ከጠፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አምፖሉ ነው፤ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሥራ ካቆመ ግን ወደ ፊውዙ መሄድ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ መኪና የግራና የቀኝ መብራት የየራሳቸው ፊውዝ ስላላቸው፣ አምፖሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ፊውዙንም መመርመር ነው።

ሥራው እንደሚከተለው ነው። መኪናውን ከመንገዱ ወጣ አድርጎ ሜዳ ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ከኋላ የማስጠንቀቂያ ምልክት ማኖር፤ ከዚያም ሞተሩንና መብራቱን አጥፍቶ ቁልፉን ማውጣት። ቀጥሎ በሣጥኑ ውስጥ በምትገኘው ትንሽ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ፊውዙን ቀጥ አድርጎ መሳብ። ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት በውስጡ ያለው ቀጭን ብረት ተበጥሶ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ ተቃጥሏል ማለት ነው። በላዩ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ያንኑ ቁጥር መተካት ነው። ቀለሙም ይረዳል፤ 10 አምፔር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ ነው።

መለዋወጫ ያልያዘ ሰው ለጊዜው ከሬዲዮው ወይም ከሲጋራ መለኮሻው ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን ፊውዝ መዋስ ይችላል፤ ያለ ሬዲዮ ዲላ ይደረሳልና። ተመሳሳይ ቁጥር ከጠፋ ዝቅ ያለውን ማስገባት ይቻላል፤ ቶሎ ሊቃጠል ይችላል እንጂ ሽቦውን አይጎዳም። ከፍ ያለውን ግን በፍጹም ማስገባት አይገባም። በባትሪው አጠገብ በቡሎን የታሰሩትን ትላልቅ ፊውዞች ደግሞ ለባለሙያ መተው ይሻላል።

አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ እየጨመሩ መሞከር ከንቱ ነው። ፊውዝ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ የሽቦው ልባስ ከመኪናው አካል ጋር እየተፋተገ ተልጦ ይሆናል፤ ውኃ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም አንድ ሰው ያለ ስሌት ተጨማሪ መብራት ቀጥሎበት ይሆናል። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሥራ ነው።

ወጣቱ ሹም ግን «ይህስ የሾፌሩ ጉዳይ ነው» ብሎ መተው የለበትም። መኪናው የሕዝብ ንብረት ነው፤ በውስጡ የሚጓዘውም የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ወደ ደጋ ከመውጣቱ በፊት የየቁጥሩ ሁለት ሁለት ፊውዝና አንድ የእጅ ባትሪ በመኪናው ውስጥ መኖራቸውን ይጠይቅ፤ የፊውዝ ሣጥኑንም በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ከፍቶ ይመልከተው። ፊውዝ በተቃጠለም ጊዜ የትኛው እንደ ሆነና ቀኑን በመኪናው መዝገብ ያስጽፍ። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ የተጻፈ አንድ ስም ባለሙያውን ወዲያው ወደ ተላጠው ሽቦ ይመራዋል፤ የሽቦ ጥምጥም ግን ይህንን ሁሉ ሸፍኖ ያስቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ስለ ፊውዝ ባያውቁም፣ ምክራቸው ለቡሌ ዳገት ተጓዥ ከማንኛውም መለዋወጫ ይበልጥ ይጠቅመዋል።