ሰብለ ወንጌል ዶሃ ላይ ስትታማ

ይህን ደራሲዎቻችን ቢሰሙ አልወድም፤ ከሰሙም ደግሞ ከእኔ እንዳይሉ። ዶሃ ውስጥ የአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነቡ ሴቶች ቂም ይዘዋል። ቂሙ አዲስ አበባ መጽሐፍ ሲመረቅ ሐያሲዎች መድረክ ላይ ከሚያነሱት ጋር አይገናኝም። የትረካ ስልት፣ የቋንቋ ውበት፣ የገጸ ባሕርይ አሣሣል የሚባል ነገር እዚህ አይነሣም። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ «ቆይ፣ ደመወዟን ምን አደረገችው?»

ሐሜቱ የሚደምቀው ዓርብ ነው። መሳይሚር ካለው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ የወጡትና ከጁምዓ የተመለሱት ነጅማ ወይም መንሱራ አንዷ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ፤ ቡና ይፈላል። መጀመሪያ ማዳም፣ ማለት አሠሪዋ፣ ትታማለች፤ እሱ ግዴታ ነው። ቀጥሎ አገር ቤት ያለው ወንድም። ሦስተኛው ሲኒ ላይ መጽሐፍ ይመጣል።

መጽሐፉ እንዴት እንደሚደርሰን ከነገርኳችሁ ግን እኛም ንጹሕ አይደለንም። ለዕረፍት ሄዳ የምትመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና የእናት ቅቤ ቦታ ይሻማሉ፤ መጽሐፍ ደግሞ ይከብዳል። አንድ ቅጂ ከመጣ ሽፋኑ እስኪገነጠል ይዞራል። የቀረው በቴሌግራም ነው፤ ገጽ በገጽ ፎቶ የተነሣ አለ፣ በድምፅ የተነበበ አለ። ደራሲው ከዚህ ሁሉ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ሳንከፍል አንብበን ይህን ያህል መናገራችን ድፍረት ነው፤ ይሁን።

የድምፁ ነገር ግን በስርቆት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙው ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ከወረቀቱ ይልቅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተተረከበት ከወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ልብስ እየተኮሱ፣ ሰሐን እያጠቡ፣ አንድ ጆሮ ለማዳም ጥሪ ክፍት ትቶ በሌላው መስማት። የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትማ በሜትሮው አረንጓዴ መስመር የሚደረስበት፣ ሬም ኮልሃስ የነደፈው፣ ከሚሊዮን በላይ መጽሐፍ የያዘ ግሩም ሕንፃ ነው። እዚያ ሄዶ ቁጭ ለማለት ግን መጀመሪያ ቀን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ሥራው በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። ዓርብ የምትወጣ አለች፤ ሕጉ መኖሩን ከእኛ የምትሰማም አለች። ሁለተኛዋ በጆሮዋ ነው የምታነብ፤ የሚያሰለች ምዕራፍ ሲመጣባት እጇ የሳሙና አረፋ ውስጥ ስለሆነ ማሳለፍ እንኳ አትችልም። ከእሷ የከፋ ሐያሲ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው። ቂሙ የሚጀምረው ከትልቁ መጽሐፍ፣ በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አገር ቤት ሳለን ሁላችንም ለጀግናዋ ለሰብለ ወንጌል አልቅሰናል። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሯ የሚመጥን ባል የለም እያሉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱባት፣ አስተማሪዋን በዛብህን ስትወድ፣ እሱም እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ሆኖ ሲገኝ ያላለቀሰ ማን አለ? እዚህ ከመጣን በኋላ ግን ዕንባው ቀርቶ ክስ ሆነ። ተከሳሹ በዛብህ ነው። ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እሷ ቀረች። «ሄዶ ዝም! መልእክት መላክ እንዴት ያቅተዋል?» ትላለች አንዷ። «የሄደ ሰው ምን እንደሚይዘው አንቺ አታውቂም?» ትላታለች ሌላዋ፤ እሷ የመጀመሪያውን ዓመት ስልኳ ተወስዶባት ያሳለፈች ናት። ክርክሩ እዚህ ላይ ይጦፋል፤ ምክንያቱም ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ሄደን ዝም ያልን በዛብሆች ነን።

የሚገርመው ግን ማንም የማያማው የሰብለ ጉዞ ነው። በመነኩሴ ልብስ ተሸፍና ፍቅረኛዋን ፍለጋ ስትወጣ ምሁራኑ ምን ይሉ ይሆን? እዚህ ግን ዝም ብሎ ይታመናል። ከዚያ በፊትም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጀግና፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነበር መንገድ የወጣችው። ሴት ልጅ በልብ ወለዳችን ሩቅ የምትሄደው ሌላ ሰው መስላ ነው ማለት ነው። ታዲያ ከእኛ መካከልስ? ደላላ ዕድሜዋን ጨምሮላት የመጣች አለች። ክርስቲያን ሆና በእስላም ስም ፓስፖርት ያወጣች፣ አውሮፕላን ላይ ሻርፕ መጠቅለል የተማረች አለች። ወሎዬዋ ጓደኛችን ይህን ስትሰማ «ሰብለ ቆብ ነው የደፋች፤ እኔ ሻርፑን አራት ዓመት ነው የደፋሁ» ብላ አስቃናለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት የዛሬውን ልብ ወለድ ገልጣ ራሷን የምትፈልግ።

ምን ታገኛለች? የአሁኖቹን ስም አልጠራም፤ ደራሲው የአንዳችን ዘመድ ሊሆን ይችላል። አረብ አገር የሄደችው ልጅ ምዕራፍ ሦስት ላይ ከቦሌ ትነሣለች፤ ምዕራፍ አሥራ ስምንት ላይ ትመለሳለች፤ ወይ አብዳ፣ ወይ አርግዛ፣ ወይ በወርቅ ተንቆጥቁጣ። መሀሉ የወንዱ ነው፤ እሱ ካፌ ይቀመጣል፣ ይተክዛል፣ ሌላ ሴት ይወዳል። አንዷ ጓደኛችን ነገሩን እንዲህ ጠቀለለችው፤ «እኛ መጽሐፍ ውስጥ የምንገባው ገንዘብ ስንልክና ስናብድ ብቻ ነው።» ፍቅሩ በሞት መቆረጡማ ማንንም አያስከፋም። በዛብህና ሰብለም የተገናኙት ሞት ደጃፍ ላይ ነው፤ ለዚያ ማንም አልተቀየመም። የሚያናድደው የምትሠራበት ሰዓት ሁሉ ከታሪኩ መውጣቱ ነው።

እዚያ ሰዓት ውስጥ ያለውን ለሚጽፍ ሰው ላቀብል። ዶሃና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የደቂቃ ልዩነት የለም። አሜሪካ እንዳለችው እኅታችን «አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» አንባባልም። ግን አገር ቤት ያለው ፍቅረኛ ማታ አራት ሰዓት ላይ ይተኛል፤ እሷ እጇን ታጥባ የምትወጣው ስድስት ላይ ነው። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ኩሽና ውስጥ ናት። በአንድ ሰዓት እየኖሩ አለመገናኘት! ከዚህ በላይ የፍቅር ልብ ወለድ ምን ይፈልጋል?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ጨምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ የዚያ ሪያል ዋጋ ባንድ ጊዜ ከፍ አለ። በማግስቱ «እንዴት አደርሽ» ሳይል ምንዛሬውን የጠየቀ ፍቅረኛ ነበር። ሌላው ደግሞ «እንግዲህ ትንሽ ለራስሽ አስቀምጪ» ብሎ ጻፈ፤ ያን መልእክት ልጅቷ እስካሁን አላጠፋችውም። ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልብ ወለድ አላነበብኩም።

ሐዲስ ዓለማየሁን ግን አታስነኩን። ጣሊያን ማርኮ ወስዶ ለዓመታት ያሰራቸው፣ በኋላም በዲፕሎማትነት ባሕር ማዶ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከአገር መራቅን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ወቀሳችን ከእሳቸው ወዲህ ቦሌ ድረስ ሸኝቶን ለሚመለሰው ነው።

የመጨረሻውን ሹክ ልበላችሁና ልሂድ። ከመካከላችን አንዷ እየጻፈች ነው። ወረቀት የላትም፤ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንባ በድምፅ እየቀዳች ትልክልናለች፣ ሌላዋ በጽሑፍ ትገለብጣለች። የጀግናዋ ደመወዝ በየወሩ የት እንደሚሄድ እስከ መጨረሻዋ ሪያል ተነግሮናል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ይጠብቃት ወይስ አይጠብቃት? ባለፈው ዓርብ በዚህ ተጣልተን ቡናው ቀዘቀዘ። ወሎዬዋ ይጠብቃት ብላለች፤ ያቺ መልእክቱን ያላጠፋችው ልጅ ደግሞ ድምፅ አልሰጥም አለች። እኔ አይጠብቃት ነው ያልኩት፤ ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት ያሳደሰችው ሳትነግረው ነዋ።