ስለ አውቶሞቢል መለዋወጫ ዕቃ አመራረጥ

በቀድሞው ዘመን ሩቅ መንገድ የሚሄድ መኰንን ከደጁ ከመነሣቱ አስቀድሞ የበቅሎውን ልጓምና ኮርቻው የታሰረበትን ጠፍር በዐይኑ ያይ፥ በእጁም ይዳስስ ነበር። ልጓሙ በብር ቢያጌጥ ደስ ይለዋል፤ ጠፍሩ ግን ጌጥ ባይኖረውም የማይበጠስ መሆን እንዳለበት ያውቃል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የበቅሎውን ቦታ ሞተር ወስዷል፤ የጠፍሩ ነገር ግን አልቀረም። ስሙ ተለውጦ የፍሬን ሸራ፥ ቴስቲና፥ ቺንጋ ተባለ እንጂ የቤተ ሰቡ ሕይወት ዛሬም በትንሽ ዕቃ ተይዞ ይጓዛል።

ስለዚህ አውቶሞቢል ሲበላሽ የሚገዛው ምትክ ዕቃ የአውቶሞቢሉ ፋብሪካ በስሙ የሚሸጠው ይሁን፥ ወይስ ሌላ ሠሪ ያወጣው ይሁን የሚለውን ጥያቄ ለአንባቢዎቻችን በየፈርጁ ልንገልጽ አሰብን።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ከፍ ብሏል። እንግዲህ በየቤቱ ያለው የነዳጅ አውቶሞቢል በአዲስ የሚለወጥ ሳይሆን እየታደሰ የሚኖር ሆነ። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለአንድ ዕቃ ሁለትና ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም አራት ዋጋ ሲጠራለት ገዢው ግራ ቢጋባ አያስደንቅም።

በመጀመሪያ የስሞቹን ትርጕም መለየት ይገባል። ብዙ ሰው አንድ አውቶሞቢል ከመሪው እስከ ካንዴላው ድረስ በአንድ ፋብሪካ የተሠራ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የአውቶሞቢል ፋብሪካ ብዙውን ዕቃ ከሌሎች ሠሪዎች ይገዛል። ለምሳሌ ዴንሶ የሚባለው የጃፓን ሠሪ በ1949 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቶዮታ ተለይቶ የተቋቋመ ሲሆን፥ ለቶዮታም ለሌሎችም ፋብሪካዎች ዕቃ ያቀርባል። ሮበርት ቦሽ በ1886 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የከፈተው ትንሽ የሥራ ቤትም ዛሬ ለብዙ ፋብሪካዎች የሚሠራ ታላቅ ድርጅት ሆኗል።

ከዚህ የተነሣ በገበያ የሚገኘው ዕቃ አምስት ወገን ነው። አንደኛው በአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ስምና ካርቶን የሚሸጠው ነው፤ ሕዝቡ ኦሪጅናል የሚለው ይህን ነው። ሁለተኛው ለፋብሪካው የሚያቀርበው ያው ሠሪ በራሱ ስም የሚሸጠው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ የፋብሪካው ስም ስለሌለበት ዋጋው ይቀንሳል። ሦስተኛው ሌላ ሠሪ ልኩን ወስዶ የሠራው ነው፤ ከዚህ ውስጥ እጅግ ደኅናም እጅግ ክፉም አለ። አራተኛው ከፈረሰ አውቶሞቢል የተወሰደ ያገለገለ ዕቃ ነው። አምስተኛው የሌላውን ስም ሰርቆ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ይህ ሐሰት እንጂ ምርጫ አይባልም። ሦስተኛውንና አምስተኛውን አንድ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው፤ ሦስተኛው የራሱን ስም ይዞ ይቆማል፥ አምስተኛው ግን በሌላ ሰው ስም ይሸሸጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ዕቃውን እንደ ሥራው በሦስት መክፈል ይጠቅማል፤ ይኸውም ሕይወት የሚጠብቅ፥ ሞተር የሚጠብቅና መልክ የሚጠብቅ ብሎ ነው።

ሕይወት ከሚጠብቁት ዋናው ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሓ የሚወርደውን መንገድ እናስብ። መንገዱ ከደጋው እስከ ወንዙ ድረስ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ ቍልቍለት ላይ ሾፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ የአውቶሞቢሉ ክብደትና ፍጥነት በሸራውና በዲስኩ መካከል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሸራው በሙጫ የተጋገረ ድብልቅ ነው። ሙጫው ደካማ ከሆነ በሙቀቱ ጊዜ ጋዝ ያወጣል፥ የመያዝ ኃይሉም ይጠፋል፤ መርገጫው ከእግር በታች ጠንክሮ ሳለ አውቶሞቢሉ አይቆምም። ክፉ ሸራ በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነዳ ምንም ነውር ሳያሳይ ሊኖር ይችላል፤ ነውሩ የሚገለጠው ልጆችና ሻንጣ ተጭነው ወደ ደጀን ሲጓዙ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። እንዲህ ባለው መንገድ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ አውቶሞቢሉን እንዲይዝ ማድረግም ከመልካም ሸራ ጋር ተባብሮ የሚያድን ልማድ ነው።

ይህም ማለት የፋብሪካው ካርቶን ብቻ ይታመናል ማለት አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው 90ኛው ደንብ፥ ምትክ የፍሬን ሸራ ሲፈተን የማቆም ኃይሉ ከፊተኛው ሸራ ኃይል ከ15 በመቶ በላይ እንዳይለይ ያዛል። ፈተናውን ያለፈ ሸራ በክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና ቍጥር ታትሞበት ይገኛል። የታወቀ ሠሪ ስምና ይህ ምልክት ያለው ሸራ፥ ከፋብሪካው ባይመጣም፥ ሊታመን ይገባዋል። በመሪው ቴስቲናና በጎማው ኩሽኔታም እንዲሁ ሠሪው የታወቀ ይሁን እንላለን። ያገለገለ የፍሬን ሸራ ግን በምንም ዋጋ አይገዛ።

ሞተር ከሚጠብቁት ውስጥ ሁለቱን እንጥቀስ። ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቺንጋ በብዙ ሞተሮች ላይ ቢበጠስ ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል፥ ቫልቩም ይጣመማል። ስለዚህ በቺንጋው ላይ የተቈጠበው ጥቂት ብር ሞተሩን አስፈትቶ ብዙ ያስወጣል። ሁለተኛው የዘይት ፊልትሮ ነው። ከውጭ ሲያዩት ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ በውስጡ ግን ቆሻሻ የሚይዝ የታጠፈ ወረቀት፥ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚከለክል ጎማ፥ ወረቀቱ ሲደፈን ዘይት የሚያሳልፍ በርም አለበት። ዘይቱን የሚከለክለው ጎማ ክፉ ቢሆን ሞተሩ በየማለዳው ለጥቂት ጊዜ ያለ ዘይት ይነሣል፤ ጕዳቱም ሳይታይ ይከማቻል።

መልክ የሚጠብቁት ፓራውልት፥ ፓራፋንጎ፥ ኮፋኖና ስፖኪዮ ናቸው። በእነዚህ ላይ ርካሹን ወይም ያገለገለውን መምረጥ ውርደት አይደለም። ለፓራውልት የፋብሪካ ዋጋ ከፍሎ ለፍሬኑ ርካሽ ሸራ የሚገዛ ሰው ልጓሙን በብር አስጊጦ ጠፍሩን በገመድ እንደ ቀጠለ ነው።

ዋጋንም ስንመለከት ዕቃው የሚቆይበትን ዘመንና የመካኒኩን ደመወዝ አብሮ ማስላት ይገባል። ለአብነት ብቻ እንጂ የገበያ ዋጋ አድርገን ሳይሆን፥ የፋብሪካው ዕቃ 9,000 ብር ቢሆንና 36 ወር ቢቆይ፥ ሠሪው በራሱ ስም የሚሸጠው 6,000 ብር ቢሆንና 30 ወር ቢቆይ፥ ርካሹ 4,000 ብር ቢሆንና 12 ወር ቢቆይ፥ ለመካኒኩም በየጊዜው 1,500 ብር ቢከፈል፥ የፊተኛው በወር 292 ብር ያህል፥ የመካከለኛው 250 ብር፥ የርካሹ 458 ብር ያህል ይሆናል። ርካሽ የተባለው ከሁሉ ይልቅ ውድ ሆኖ ተገኘ፤ በየዓመቱ በጋራዥ የሚጠፋው ቀን ገና አልተቈጠረም።

የፋብሪካው ዕቃ ሁሉ እንከን የለሽ ነው ብሎ ማመንም አይገባም። ታካታ የሚባለው የጃፓን ሠሪ ለብዙ ስመ ጥር ፋብሪካዎች ያቀረበው የአየር ከረጢት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ማፈንጃው እየተበላሸ፥ በግጭት ጊዜ ብረት እየረጨ ሰዎችን ገድሏል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆን ማፈንጃ እንዲለወጥ ታዘዘ፤ ሠሪውም በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መክሰሩን አስታወቀ። እነዚያ ከረጢቶች አውቶሞቢሉ ከፋብሪካ ሲወጣ አብረው የገቡ ነበሩ። ስለዚህ ያገለገለ አውቶሞቢል የገዛ ሰው በሻንሲው ቍጥር ይህ ጥሪ የሚመለከተው መሆኑን ይመርምር። ከዚህም ጋር የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2012 አስመስለው ስለ ተሠሩ የአየር ከረጢቶች ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር፤ ይህን ዕቃ ምንጩ ካልታወቀ ሰው መግዛት አይገባም።

ከሐሰተኛው ዕቃ ለመጠበቅ አራት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፥ በሻንሲው ቍጥር ትክክለኛውን የዕቃ ቍጥር አስቀድሞ ማወቅ፥ ቍጥሩም በካርቶኑና በዕቃው ላይ አንድ መሆኑን ማየት ነው። ሁለተኛ፥ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ክብደቱን፥ ልኩንና የብረቱን አሠራር ማስተያየት ነው፤ የቃላት ስሕተት ያለበት የካርቶን ጽሕፈት ወይም ቀለሙ የሚለቅ ማኅተም ምስክር ይሆናል። ሦስተኛ፥ የዕቃው ስምና ሠሪው የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ገዢው ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ ነገር የማወቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። አራተኛ፥ ከመካኒኩ የወለቀውን አሮጌ ዕቃና የአዲሱን ካርቶን መልሶ መጠየቅ ነው። ይህን መጠየቅ መካኒኩን መጠርጠር አይደለም፤ የታመነ ባለ ሙያ ታማኝነቱ የሚታይበትን መንገድ ይወዳል።

በመጨረሻም በየቤቱ ስለ አውቶሞቢሉ አንድ ደብተር እንዲከፈት እንመክራለን። ዕቃው የተገዛበት ቀን፥ ሠሪው፥ ዋጋውና በዚያ ቀን የተነዳው ኪሎ ሜትር ይጻፍበት። ደብተሩን የቤቱ እመቤት ወይም ፊደል የቈጠረ ልጅ ሊይዘው ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ሠሪ እንደሚታመን፥ የትኛው ጋራዥ ደኅና እንደሚሠራ ያ ደብተር ከማንኛውም ሻጭ ይልቅ አጣርቶ ይናገራል። የቤት ሀብት የሚጠበቀው በመጻፍ ነው፤ የልጆች ሕይወት ደግሞ ገንዘቡ በሚያንስበት ጊዜ አስቀድሞ ለፍሬኑ፥ ቀጥሎ ለሞተሩ፥ በመጨረሻ ለመልኩ በማውጣት ይጠበቃል።