ጉሎ፦ የቅርብ ዘመድ የሌለው የጓሮ ተክል

በአጥር ጥግ፣ በወንዝ ዳርና በፍርስራሽ ላይ ማንም ሳይዘራው የሚበቅለውን ጉሎ ከሰብል የሚቆጥረው አርሶ አደር ጥቂት ነው። ፍሬው ለምጣድ ማሰሻና ለቆዳ ማለስለሻ ሲፈለግ ይታወሳል። አጥር ሲታደስ ወይም መንገድ ሲሰፋ ግን አስቀድሞ የሚቆረጠው እርሱ ነው። የዕፅዋት አመዳደብን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲያይ ይቆጨዋል።

ጉሎ ከቁልቋል፣ ከቅንጭብ፣ ከብሳናና ከካሳቫ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ ጉሎ ይህ ወተት ስለሌለው ዝምድናቸው በቀላሉ አይታይም። የሚታወቀው በፍሬው ነው፤ ሦስት ክፍል ያለው፣ በየክፍሉ አንድ ዘር የያዘ ነው። ቤተሰቡ ከ6 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሉት። ቁልቋልና ቅንጭብ የሚገኙበት ወገን ብቻውን ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎችን ሲይዝ፣ የጉሎ ወገን ያለው አንድ ብቻ ነው።

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ሪሲነስ ኮሙኒስ» ብሎ ሰየመው። ሪሲነስ በላቲን መዥገር ማለት ነው፤ ደም የጠጣ መዥገር ያየ ሰው ዘሩን ሲያይ ስያሜው ይገባዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግንዱ ቀይና አረንጓዴ፣ ዘሩ ትልቅና ትንሽ መሆኑን እያዩ ብዙ ዝርያ አድርገው ከፋፍለውት ነበር። ሆኖም ሁሉም እርስ በርስ ተዳቅለው ፍሬያማ ዘር ስለሚሰጡ ዛሬ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ነው።

ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። የስንዴ አዳቃይ ዋግን የሚቋቋም ባሕርይ ሲያጣ ወደ ስንዴ የዱር ዘመዶች ይሄዳል። የጉሎ አዳቃይ እንዲህ የሚሄድበት ጎረቤት የለውም። ድርቅ የሚችል፣ አጭር ወይም ፍሬው ሲደርስ የማይፈነዳ ጉሎ ቢፈልግ ያለው ምርጫ በዚያው በአንዱ ዝርያ ውስጥ ነው።

ይህ ሀብት በብዛት ያለው ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው ቫቪሎቭ ጉሎን ከአገራችን የሰብል መነሻዎች ተርታ አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናትም የዱር ጉሎ መገኛ ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የወጣው ተክል ዛሬ በሞቃት አገሮች ሁሉ ተሰራጭቷል። የዓለምን ምርት አብዛኛውን እጅ የምታመርተው ግን ሕንድ ናት፤ ዘይቱ ለማሽን ማለስለሻ፣ ለፕላስቲክና ለመዋቢያ ይውላል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በወላይታና በሐረርጌ ጉሎ ለባዮዲዝል ተብሎ በስፋት ተዘርቶ ነበር። የእህል መሬታቸውን ለእርሱ የሰጡ አርሶ አደሮች ግን የተቸገሩበት ጊዜ ነበር። ጉሎ የእርሻ ዳር ይበቃዋል። ቅጠሉን የሚመገብ የሐር ትል መኖሩም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራበት የቆየ ነው።

ዘር ለመያዝ የሚፈልግ አርሶ አደር አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የጉሎ የአበባ ዱቄት በነፋስ ስለሚሄድ አይነቱ በቀላሉ ይደባለቃል። የተመረጠውን ዛላ ሳያብብ በከረጢት መሸፈን፣ ዘሩንም ለብቻው ማስቀመጥ ያሻል። ዘሩ መርዛማ በመሆኑ ከእህል ጎተራ፣ ከልጆችና ከከብት ይራቅ፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎም ለከብት አይሰጥም።