በአንድ ጭቃ ላይ ብዙ ማዕድ፤ የሐይቅ ወለል እንስሳት የምግብ ክፍፍል

በአንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የሚኖሩ ሁለት ዝርያዎች በአንድ ስፍራ ለዘለቄታው አብረው ሊዘልቁ አይችሉም፤ አንደኛው ሌላውን ማስወጣቱ አይቀርም የሚለው ሐሳብ በሥነ ሕይወት ጥናት የታወቀ መርሕ ነው። የሐይቅ ወለል ግን በመጀመሪያ እይታ ይህን መርሕ የሚያፈርስ ይመስላል። ፍራንስዋ አልፎንስ ፎሬል የተባለው የሞርዥ ሊቅ በ1869 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ከሌማን፣ ማለትም ከጄኔቭ ሐይቅ፣ ጥልቅ ጭቃ ሕያዋን እንስሳትን ካወጣ ወዲህ፣ በዚያ ደለል ውስጥ ትሎች፣ የማይናደፉ ትንኞች እጮችና ጥቃቅን ባለ ሁለት ቅርፊት ዛጎሎች በጉርብትና እንደሚኖሩ ታውቋል። ታዲያ ምግባቸውን እንዴት ይከፋፈላሉ?

ክፍፍሉ የሚጀምረው ከአበላል ስልት ነው። ዛጎሎቹ በጭቃው መካከል ያለውን ውሃ እያጣሩ ባክቴሪያ ይለቅማሉ። ከእጮቹ ብዙዎቹ ቱቦ ሠርተው ከላይ አዲስ የወደቀውን ብናኝ ይሰበስባሉ። ቀያዮቹ ትሎች ደግሞ ራሳቸውን ወደ ታች ቀብረው የውስጡን ደለል ይውጣሉ፤ ኩሳቸውን በወለሉ ላይ ይተዋሉ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የትሎቹ የእርስ በርስ ግንኙነት ነው። ራልፍ ብሪንክኸርስትና ባልደረቦቹ በ1969 እና በ1972 ያሳተሟቸው ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ሦስት የትል ዝርያዎች አንድ ዓይነት ጭቃ ቢውጡም በአንጀታቸው የሚፈጩት ባክቴሪያ ይለያያል፤ የአንዱ ኩስ ለሌላው ምግብ ይሆናል፤ ተደባልቀው ሲኖሩም ለየብቻ ከሚኖሩት ይልቅ ይፋፋሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ማዕድ ከላይ በሚወርደው ላይ የተመሠረተ ነው። በሌማን የፎስፈረስ መጠን በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣሪያ ሲነካ፣ የሚወርደው ብናኝ በዝቶ ብክለትን የሚችሉ ትሎች ወለሉን ወረሱት። ስዊዘርላንድ በ1986 ፎስፌትን ከልብስ ማጠቢያ ሳሙና ካገደች በኋላ፣ ንጹሕ ውሃ የሚሹት ዝርያዎች ቀስ በቀስ ተመለሱ።

በ2015 በሌማን የተገኘው ኳጋ የተባለ መጤ ዛጎል ግን ምግቡን ወደ ጭቃው ከመውረዱ በፊት ከውሃው ያጣራል። በዙሪክ አጠገብ በዱቤንዶርፍ የሚገኘው የውሃ ምርምር ተቋም የኤዋግ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የ2023 ጥናት፣ በሌማን፣ በኮንስታንስና በቢል ሐይቆች የኳጋ አጠቃላይ ክብደት በ22 ዓመታት ውስጥ ከ9 እስከ 20 እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ይገምታል። በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ሐይቅ ኳጋ ከተስፋፋ ወዲህ፣ ዓሦች ይመገቡት የነበረው ዲፖሬያ የተባለ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ከአብዛኛው ወለል ጠፍቷል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አብሮ መኖር የሚጸናው ማዕዱ ከምንጩ በአንድ ወገን እስካልተያዘ ድረስ መሆኑን ነው። በጣና ሐይቅም ከ2011 ወዲህ ብዙ የተነገረለት እምቦጭ የሚታየው ከውሃው በላይ ነው፤ ሲበሰብስ የሚሰጥመው ግን ወደ ወለሉ ነው። ፎሬል ከብክለቱ ዘመን አስቀድሞ የሌማንን ወለል መዝግቦ ስላለፈ፣ በኋላ የመጡት የጠፋውን ለይተው ሊያውቁ ችለዋል። ለሐይቆቻችንም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ መዝገብ ነው።