«ለአማካሪነት እንፈልግዎታለን»፦ የውጭ ሰላዮች ባለሙያዎችን በኢንተርኔት የሚመለምሉት እንዴት ነው?

ሥራ የሚፈልግ ሰው ያለው ሙያ ሁሉ እንዲታይለት ይፈልጋል። የት እንደተማረ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ በምን ፕሮጀክት ላይ እንደተሳተፈ፣ አሁን ሥራ ላይ ይሁን ወይም ሥራ እየፈለገ፣ ሁሉንም በዝርዝር ጽፎ ሊንክድኢን ላይ ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርገው ቀጣሪዎች እንዲያዩት ነው። ነገር ግን የሚያዩት ቀጣሪዎች ብቻ አይደሉም።

በቀድሞው ዘመን አንድ የስለላ ድርጅት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ብዙ ይደክም ነበር። ሰላዩ በኤምባሲ ግብዣና በስብሰባ እየተገኘ ሰው ይተዋወቃል፤ ማን ደመወዙ እንዳነሰው፣ ማን ከአለቃው እንደተጣላ ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል። ዛሬ ግን ከአንድ ቢሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያለው ሊንክድኢን መረጃውን አደራጅቶ ያቀርብለታል። ሰላዩ ከቢሮው ሳይነሳ፣ የሌላ ሀገር ድንበር ሳይረግጥ፣ በአንድ ቀን ለብዙ ሰዎች መልእክት መላክ ይችላል። ካልተሳካለትም የሚያጣው ነገር የለም፤ አካውንቱን ዘግቶ በሌላ ስም ይመጣል።

ታዲያ ምልመላው በተግባር እንዴት ይካሄዳል? ማንን ነው የሚፈልጉት? እኛስ ምን ማወቅ አለብን? በዚህ ጽሑፍ በፍርድ ቤት የተረጋገጡ ጉዳዮችን መሠረት አድርገን እንመለከታለን።

የደህንነት መሥሪያ ቤቶች ምን ይላሉ?

የጀርመን የሀገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የቻይና የስለላ ድርጅት በሊንክድኢን አማካኝነት ከ10,000 በላይ ጀርመናውያንን ለመቅረብ መሞከሩን አስታውቋል። ለዚህ አገልግሎት ውለዋል ያላቸውን የሐሰት አካውንቶችም ይፋ አድርጓል። አካውንቶቹ የቅጥር ወኪል፣ አማካሪና ተመራማሪ ነን የሚሉ፣ ማራኪ ፎቶግራፍ የተለጠፈባቸው ነበሩ።

የእንግሊዙ ኤም አይ 5 በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2021 ባስጀመረው የማስጠንቀቂያ ዘመቻ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ቢያንስ 10,000 እንግሊዛውያን ከጠላት መንግሥታት ጋር ግንኙነት ባላቸው የሐሰት አካውንቶች መልእክት እንደደረሳቸው ገልጿል። የድርጅቱ ኃላፊ ኬን ማካለም እ.ኤ.አ በ2023 ይህ ቁጥር ከ20,000 ማለፉን ተናግረዋል። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2025 ደግሞ የፓርላማ አባላትና ሠራተኞች በሊንክድኢን ከሚቀርቧቸው የቅጥር ወኪል ነን ባዮች እንዲጠነቀቁ ማሳሰቢያ ወጥቶላቸዋል። ቻይና ይህን መሰሉን ውንጀላ ሁሉ ታስተባብላለች።

ይሁን እንጂ ሰላይ የሚመለምለው አንድ መንግሥት ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ሲአይኤም እ.ኤ.አ በ2023 ሩሲያውያን መረጃ እንዲያቀብሉት የሚጋብዝ ቪዲዮ በቴሌግራም አሰራጭቷል፤ እ.ኤ.አ በ2024 ደግሞ በቻይንኛ፣ በፋርስኛና በኮሪያኛ የመገናኛ መመሪያ በማኅበራዊ ሚዲያ ለቋል። ልዩነቱ ሲአይኤ በእነዚህ ጥሪዎች ማንነቱን ሳይደብቅ መቅረቡ ነው። ከታች የምናያቸው ሦስት ጉዳዮች ግን ማንነታቸውን ሸሽገው የመጡ ሰዎች ሥራ ናቸው።

በዕዳ የተያዘው ጡረተኛ

ኬቨን ማሎሪ ቻይንኛ የሚናገር የቀድሞ የሲአይኤ ሠራተኛ ነው። ከመንግሥት ሥራ ከወጣ በኋላ የጀመረው የማማከር ሥራ አልሆነለትም፤ የቤቱን ብድር መክፈል አቅቶት ነበር። እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2017 በሊንክድኢን አንድ የቅጥር ወኪል ነኝ የሚል ሰው መልእክት ላከለት። ይህ ሰው ደግሞ በሻንጋይ የማኅበራዊ ሳይንስ አካዳሚ እሠራለሁ ከሚል ሌላ ሰው ጋር አገናኘው።

ማሎሪ በማርችና በኤፕሪል ሁለት ጊዜ ወደ ሻንጋይ ተጓዘ። ለሚስጥር መልእክት የተዘጋጀ ስልክም ተሰጠው። ሁለተኛውን ጉዞ ጨርሶ ቺካጎ ሲደርስ የጉምሩክ ሠራተኞች ያላስመዘገበው 16,500 ዶላር በእጅ ሻንጣው ውስጥ አገኙ። በጠቅላላው የተቀበለው ገንዘብ 25,000 ዶላር ነበር። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት እ.ኤ.አ በሜይ 2019 በ20 ዓመት እስራት ቀጣው። በ25,000 ዶላር 20 ዓመት!

ንግግር እንዲያደርግ የተጋበዘው መሐንዲስ

ሁለተኛው ጉዳይ የመንግሥት ሚስጥር ከሚያውቁ ሰዎች ውጭ ያሉትንም ይመለከታል። ጂኢ አቪዬሽን በተባለው የአውሮፕላን ሞተር አምራች ኩባንያ የሚሠራ መሐንዲስ እ.ኤ.አ በ2017 በሊንክድኢን ግብዣ ደረሰው። ግብዣው በናንጂንግ ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሙያው ንግግር እንዲያደርግ ነበር። ሄዶ ንግግሩን አደረገ፤ 3,500 ዶላርም ተከፈለው።

እዚያ የተዋወቀው ሰው በሐሰት ስም የቀረበው ሹ ያንጁን የተባለ የቻይና የስለላ መኮንን ነበር። ኤፍቢአይ ጉዳዩን ደርሶበት መሐንዲሱን ሲያነጋግረው ለመተባበር ተስማማ። ሹ ቀስ በቀስ በመሐንዲሱ የሥራ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ፋይሎች ዝርዝር መጠየቅ ጀመረ። በመጨረሻም እሱን ለማግኘት ቤልጂየም ሲመጣ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2018 ተያዘ። ለአሜሪካ ተላልፎ ተሰጥቶ እ.ኤ.አ በ2022 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

400 ሲቪ የሰበሰበው ተማሪ

ሦስተኛው ጉዳይ መልማዩ ራሱ እንዴት እንደሚመለመል ያሳያል። ጁን ዌይ የኦ የተባለ የሲንጋፖር ዜጋ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ በ2015 ቤጂንግ ላይ ጥናቱን ካቀረበ በኋላ የጥናት ተቋም ተወካዮች ነን ያሉ ሰዎች ቀርበው፣ የፖለቲካ ትንታኔ ጽፎ ቢሰጣቸው እንደሚከፍሉት ነገሩት። ውሎ አድሮ የስለላ ድርጅት ሰዎች መሆናቸውን አወቀ፤ ግን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ በ2018 የሌለ አማካሪ ድርጅት ፈጥሮ የሥራ ማስታወቂያ አወጣ። ከ400 በላይ ሲቪ ደረሰው፤ አብዛኞቹ አመልካቾች የአሜሪካ ጦርና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ላኪዎቹ በየኢንተርኔቱ የሚያገኛቸውን ሰዎች ምን እንዲጠይቅ እንዳዘዙት በፍርድ ቤት ሰነድ ላይ ሰፍሯል፦ በሥራው ተከፍቷል ወይ? የገንዘብ ችግር አለበት ወይ? የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት ወይ?

ከተመለመሉት አንዱ በአየር ኃይል የሚሠራ፣ የገንዘብ ችግር ያለበት ሰው ነበር። ሌላው አፍጋኒስታን ዘምቶ የተመለሰ፣ ያየው ነገር ሕሊናውን የጎዳው መኮንን ሲሆን፣ ስለ አሜሪካ ጦር ከአፍጋኒስታን መውጣት ለጻፈው ሪፖርት 2,000 ዶላር ተከፈለው። የኦ ራሱ ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ በ2020 በ14 ወር እስራት ተቀጣ።

ወጥመዱ ያለው የት ላይ ነው?

ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር እናስተውላለን። ማናቸውም ሚስጥር በመጠየቅ አልተጀመሩም። አንዱ የማማከር ሥራ፣ አንዱ ንግግር፣ አንዱ የጥናት ጽሑፍ ነበር። ሰላይ ሁን የሚል መልእክት ቢደርሳቸው ኖሮ ብዙዎቹ ወዲያው ይሰርዙት ነበር።

አካሄዱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ አድናቆት ይመጣል፤ «ሥራዎን ተከታትለናል፣ እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ ነበር የምንፈልገው» ይባላል። ቀጥሎ ማንም ከጋዜጣ ሊያገኘው በሚችል ርዕስ ላይ አጭር ጽሑፍ ይታዘዛል፤ ክፍያው ከሥራው በላይ ነው። ከዚያ «ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ከውስጥ የሚታወቅ ነገር ቢጨመርበት» ይባላል። ንግግሩም ከሊንክድኢን ወደ ዋትስአፕ ወይም ወደ ሌላ መተግበሪያ ይዛወራል። በመጨረሻ ሁሉም ወጪ ተችሎ ወደ ውጭ ሀገር የመጓዝ ግብዣ ይመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው። ጽሑፉ ዋጋ ኖሮት አይደለም የሚከፈለው። ገንዘቡ ሰውዬውን ያላምደዋል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በእሱ ላይ መመሥረት ይጀምራል። የባንክ ማስረጃም ይኖራል። በኋላ ላይ ሰውዬው «አልፈልግም» ለማለት ቢያስብ፣ እስካሁን የተቀበለውን ገንዘብ ለአሠሪው እንዴት ብሎ ያስረዳል? ፍርሃቱ ራሱ አስሮ ይይዘዋል።

እኛን ምን ያገባናል?

ብዙ ሰው «እኔ ምን ሚስጥር አለኝና ነው?» ይላል። ይሁን እንጂ መልማዮች የሚፈልጉት ሚኒስትሮችን ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ሲስተም አስተዳዳሪ፣ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ ተመራማሪ፣ መሐንዲስ፣ ጋዜጠኛ ሁሉም ወደ ሌላ ሰው ወይም ወደ ሌላ ሰነድ የሚያደርስ በር ናቸው።

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ በርካታ ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይገኙባታል። በእነዚህ ተቋማት፣ በባንክ፣ በቴሌኮምና በአየር መንገድ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ለመንግሥት በኮንትራት የሚሠሩ፣ በባህረ ሰላጤው ሀገራት በሙያቸው የተቀጠሩም አሉ። ደመወዝ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አልመጣጠን ባለበት ጊዜ በዶላር የሚከፈል «የትርፍ ሰዓት ሥራ» ዓይን ይስባል። ሕጉ ግን የጠያቂውን ማንነት አላውቅም ነበር የሚለውን ሰበብ በቀላሉ አይቀበልም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ስለላ ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው።

እዚህ ላይ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጥንቃቄ ሲበዛ ወደ ጅምላ ጥርጣሬ ይለወጣል። አሜሪካ የቻይናን ስለላ ለመከላከል እ.ኤ.አ በ2018 የጀመረችው ልዩ ዘመቻ፣ ቻይናዊ ዝርያ ያላቸውን ምሁራን ያለ በቂ ምክንያት ተጠርጣሪ አድርጓል ተብሎ ከተተቸ በኋላ እ.ኤ.አ በ2022 እንዲቀር ተደርጓል። በስምና በዝርያ መጠርጠር ምን ማለት እንደሆነ ሙስሊሞች በሚገባ እናውቀዋለን። መመርመር ያለበት የሰውዬው ዜግነት ሳይሆን የሚጠይቀው ነገር ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

አብዛኛው የሥራ ግብዣ ትክክለኛ ነው። የሚከተሉት ነገሮች ሲደራረቡ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፦

• የሚከፈለው ገንዘብ ከሥራው ጋር አይመጣጠንም፤ ለሁለት ገጽ ጽሑፍ የወር ደመወዝ ይቀርባል።

• የመጨረሻው ደንበኛ ማን እንደሆነ አይነገርም፤ «ደንበኛችን ስሙ እንዲገለጽ አይፈልግም» ይባላል።

• ጠያቂው ከሙያዎ ይልቅ ስለ መሥሪያ ቤትዎ፣ ስለ አለቆችዎና ስለ ባልደረቦችዎ ማወቅ ይፈልጋል።

• ስለ ዕዳዎ፣ ስለ ቤተሰብዎ ሸክምና በሥራዎ ስለመከፋትዎ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል።

• ንግግሩን በፍጥነት ወደ ሌላ መተግበሪያ ያዛውራል፤ ለማንም እንዳይናገሩም ያሳስባል።

• ቃለ መጠይቅ ሳይደረግ፣ ውል ሳይፈረም፣ የጉዞ ወጪ ተሸፍኖ ግብዣ ይመጣል።

የፎቶግራፍ ማማርም ሆነ የጋራ ወዳጆች መብዛት ማረጋገጫ አይሆንም። እ.ኤ.አ በ2019 በሊንክድኢን ላይ በዋሽንግተን ከሚታወቁ ሰዎች ጋር ተገናኝታ የነበረች አንዲት «ተመራማሪ» ጭራሽ የሌለች ሰው እንደነበረች፣ ፎቶግራፏም በኮምፒውተር የተፈጠረ ሳይሆን እንደማይቀር አሶሺየትድ ፕሬስ አጋልጧል። የጋራ ወዳጅ ማለት ብዙ ጊዜ ከእኛ በፊት ሳያጣራ የተቀበለ ሰው ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ፕሮፋይላችንን እንመልከት። ሙያችንን መጻፍ ተገቢ ነው፤ የምንጠቀምባቸውን የመሥሪያ ቤት ሲስተሞች፣ የደህንነት ፈቃዳችንን ደረጃና ያልተጠናቀቁ ፕሮጀክቶችን መዘርዘር ግን ቀጣሪን ሳይሆን ሌላ ሰው ይጠራል።

ሁለተኛ፣ ግብዣ ሲመጣ በተላከልን ሊንክ ሳይሆን በራሳችን ፈልገን የድርጅቱን ስልክ እናግኝ፤ ደውለንም ሰውዬው እዚያ እንደሚሠራ እንጠይቅ። እውነተኛ ቀጣሪ በዚህ አይከፋም።

ሦስተኛ፣ የትርፍ ሥራ ከመቀበላችን በፊት ለአሠሪያችን እናሳውቅ። ለአሠሪያችን ልንነግረው የማንችለው ክፍያ ከሆነ፣ መልሱን ያን ጊዜ አግኝተነዋል።

አራተኛ፣ መልስ የሰጠ ወይም ገንዘብ የተቀበለ ሰው ቢኖር ዝም አይበል። መልእክቶቹን ሳያጠፋ ለመሥሪያ ቤቱ የደህንነት ክፍል ያስታውቅ፤ ጉዳዩ ከዚያ ያለፈ ከሆነ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ያማክር። ከላይ ያየነው መሐንዲስ ንግግር አድርጎ ገንዘብ ተቀብሎ ነበር፤ ከመርማሪዎች ጋር በመተባበሩ ግን አልተከሰሰም። ማሎሪ ግን እውነቱን ቆራርጦ ተናገረ፤ ለስለላ በመሥራቱም 20 ዓመት ተፈረደበት።

አንድ ሠራተኛ የሚያውቀው የመሥሪያ ቤት ነገር በእጁ ያለ አማና ነው። ማንም ይህን አማና በአንድ ጊዜ ሽጥልኝ ብሎ አይመጣም፤ በትንሽ በትንሹ አከራየኝ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቀጣዩ «ለአማካሪነት እንፈልግዎታለን» የሚል መልእክት ሲደርሰን ከክፍያው በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ ይህ ሰው ሊገዛ የፈለገው ሙያዬን ነው ወይስ የተቀመጥኩበትን ወንበር?